የአልዌሮ የጭቃ በሬዎች

ልጁ ከሻኛው ጀመረ። አንድ እፍኝ ጭቃ በሁለት መዳፉ መካከል አድቦልቡሎ ሞላላ ካደረገው በኋላ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጀርባውን ቆንጥጦ ሽቅብ ሳበው። ሻኛው ብቅ አለ። ከዚያ አንገቱን አወጣ፣ ጭኑን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ አሳበጠው፣ እግሮቹን ከሆዱ ሥር እንደ አጫጭር ጉቶ አወረዳቸው። እስከዚህ ድረስ ያለው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር። ቀንዱ ላይ ሲደርስ ግን ሲቻኮል የቆየው እጁ ዘገየ። ሁለት ቁራጭ ጭቃ ጭኑ ላይ እያሸ አቀጠነ። አንደኛውን ወደ ላይ አቆመው። ሌላኛውን በግንባሩ ላይ አጥፎ ወደ አፍንጫው አወረደው፤ አልጥም አለውና ነቅሎ እንደገና ተከለው።

አብሮኝ የነበረው የአቦቦ ወጣት በኑዌርኛ የማን በሬ እንደሆነ ጠየቀው። ልጁ ቀና ሳይል መለሰ።

«የአጎቴ ነው ይላል። የአጎቱ በሬ አንድ ቀንዱ እንዲህ ነው» ሲል ተረጎመልኝ።

የልጁ መልስ ይህን ጽሑፍ አስጀመረኝ። ሕፃኑ የሠራው «በሬ» አይደለም። አንድን በሬ ነው የሠራው፤ የሚያውቀውን፣ ባለቤቱ የሚታወቀውን፣ ቀንዱ በተለየ መንገድ የታጠፈውን። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው ዓመታት ወስደው የሚያስተምሩትን ነገር፣ ማለትም ከመሥራት በፊት አተኩሮ ማየትን፣ ይህ ልጅ ከከብት ጋር በመዋል ብቻ አግኝቶታል።

ያለንበት ቦታ የአልዌሮ ግድብ ዳርቻ ነው። ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ፣ በአቦቦ ወረዳ ውስጥ የሚገኘው ይህ ግድብ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች ድጋፍ የተሠራ ሲሆን፣ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ እንዲይዝና ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዋና ሥራው ዓሣ ማስገር ሆኖ ቆየ። በኋላም ሳዑዲ ስታር የተባለው ኩባንያ በአካባቢው 10 ሺህ ሄክታር ለሩዝ ሲረከብ ስሙ እንደገና በጋዜጣ ላይ ወጣ። ስለ መሬቱ ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ የምጽፈው ስለ ጭቃው ነው።

በበጋ የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ ዳር ዳሩን ጥቁር ጭቃ ትቶ ይሄዳል። የጋምቤላ ዝቅተኛ ቦታ አፈር በአብዛኛው ይኸው ነው። ከምሥራቁ ደጋ ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ለዘመናት ጠርገው ያወረዱት ደቃቅ አፈር ሜዳው ላይ ተኝቷል። ዝናብ ሲነካው ያብጣል፣ ይለጠጣል፣ ጫማ ይዞ አይለቅም። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ለገበሬ አስቸጋሪ አፈር ነው፤ ቶሎ ካላረሱት ይደርቃል፣ ቶሎ ካረሱት ይጣበቃል። ለቅርጽ ሠሪ ጣት ግን የተመቸ ነው። የአፈሩ ቅንጣቶች በጣም ደቃቅና ጠፍጣፋ ስለሆኑ፣ ውሃ መሃላቸው ሲገባ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ የሰጡትን ቅርጽም ይይዛል። በዚህ ሜዳ ላይ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም፤ ብረትም ከውጭ ነው የሚመጣው። ልጅ ለጨዋታ እጁን ቢዘረጋ መጀመሪያ የሚያገኘው ጭቃ ነው።

የኑዌር ልጆች ከጭቃ ከብት እንደሚሠሩ ለዓለም የነገረው እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ነው። ከ1930 እስከ 1936 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ከኑዌሮች ጋር በተለያየ ጊዜ ተቀምጦ፣ በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ የልጆቹ የመጀመሪያ ጨዋታ ከከብት ጋር የተያያዘ እንደሆነ ጽፏል። ከአሸዋ፣ ከእርጥብ አመድ ወይም ከጭቃ ትንሽ በረት ይሠራሉ፤ በረቱን በጭቃ ላሞችና በሬዎች ይሞሉታል፤ ከዚያ ከብት ያግዳሉ፣ ጥሎሽ ይቆጥራሉ፣ ይዳራሉ። ጨዋታው ሙሉ ኑሮውን ይዟል። በኑዌር ዘንድ ጋብቻ የሚጸናው በከብት ነውና፣ ልጁ በጭቃ በሬዎቹ የሚጫወተው ትልልቆቹ ቁም ነገር ብለው የሚሠሩትን ነው።

ድንበሩ የመንግሥታት ነው እንጂ የከብቶቹ አይደለም። በላሬ፣ በጂካዎ፣ በኢታንግና በአኮቦ የሚኖሩ ኑዌሮች ያው ቋንቋ፣ ያው ከብት፣ ያው ጨዋታ አላቸው። ውሃ ሲሸሽ ውሃ ተከትለው ይወርዳሉ፤ ጎርፍ ሲመጣ ወደ ከፍታው ይመለሳሉ። ልጆቹም የጭቃ በረታቸውን በደረሱበት ይሠራሉ።

የቀንዱ ነገር ዝም ብሎ የልጅ ፈጠራ አለመሆኑን መግለጽ ያስፈልጋል። ኑዌሮች የሚወዱትን በሬ ቀንድ ገና ለጋ ሳለ በስለት እየቆረጡ፣ አድጎ ሲወጣ በፈለጉት አቅጣጫ እንዲታጠፍ ያደርጋሉ። አንድ ቀንድ በግንባር ላይ አቋርጦ ሲወርድ ያየ እንግዳ የተፈጥሮ ጉድለት ይመስለዋል፤ የታሰበበት ውበት ነው። ወጣት ወንድ ለአካለ መጠን ሲበቃ ከአባቱ በሬ ይቀበላል፣ በበሬው መልክም ይጠራል። ለመልኩ ያላቸው የቃል ሀብት ደግሞ ከዱር የተቀዳ ነው፤ ነብር የሚመስለው ዥንጉርጉር በነብር ስም፣ አዞ የሚመስለው ባለ ሽንትር በአዞ ስም ይጠራል። በአንድ በሬ ቆዳ ላይ የሜዳው አራዊት ሁሉ ተጽፈዋል ማለት ይቻላል። እዚህ የሚያድግ ልጅ ዓይኑ ገና በጡት ዕድሜው መሠልጠን ይጀምራል።

ዕፅዋትም ከዚህ ዓለም አልራቁም። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኑዌር እምነት ባወጣው ሌላ መጽሐፍ፣ ለመሥዋዕት የሚሆን በሬ ያላገኘ ሰው የዱር ዱባ መሰል ፍሬ በበሬው ምትክ እንደሚያቀርብ፣ ፍሬውንም በመሥዋዕቱ ሰዓት ከብት ብሎ እንደሚጠራው ገልጿል። ፍሬ ከብት ይሆናል፤ ጭቃም ከብት ይሆናል። አንድን ነገር በሌላው ውስጥ የማየት ችሎታ ሥነ ጥበብ የሚነሣበት ቦታ ከሆነ፣ ኑዌሮች ዘንድ የዕለት ተዕለት ልማድ ነው።

ይህን እያሰብኩ የጃፓን የሴራሚክ ሥራዎችን ስብስብ ሳይ ያገኘሁት መገጣጠም ነው ሁለቱን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ያስደፈረኝ። ጃፓን ዛሬ በዕፅዋትና በእንስሳት ተመስጠው በሸክላ የሚሠሩ ድንቅ ሰዎች አሏት። በ1978 (እ.ኤ.አ.) በጊፉ ግዛት የተወለደችውና ኑሮዋን በለንደን ያደረገችው ሂቶሚ ሆሶኖ፣ ቅጠል ከቅርብ ሆና ታጠናለች፤ ጅማቱን፣ የጠርዙን ጥርስ፣ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን። ከዚያ ቅጠሉን በትንሹ ቀርጻ ሻጋታ ታወጣለታለች፤ ከሻጋታው ብዙ ስስ የፖርሴሊን ቅጠሎች እያተመች በእጇ እያስተካከለች በአንድ ሳህን አካል ላይ ትደረድራቸዋለች። ትልቅ ከሆነ ለወራት በዝግታ ይደርቃል፤ ቢቻኮል ይሰነጠቃልና። ከነዚህ ሳህኖች አንዱ በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ። ሾኮ ኮይኬ በበኩሏ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ትሠራለች፤ ጠርዛቸው የተጨማደደ፣ ነጭ ቅብ የለበሱ ትልልቅ ዕቃዎች። ቺኤኮ ካትሱማታ የዱባ ቅርጽ ትወዳለች፤ ቀለም ያለው ስስ ሸክላ በጨርቅ ላይ አሳልፋ ደጋግማ እየቀባች፣ ደጋግማም እየተኮሰች፣ ገጹን እንደ ሕያው ቆዳ ሻካራ ታደርገዋለች።

ሦስቱም ሴቶች መሆናቸው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አያስገርም ይሆናል፤ ለጃፓን ግን አዲስ ነገር ነው። በዚያ አገር ለዘመናት ሸክላ የወንድ ሙያ ነበር። ሴት ወደ እቶኑ ብትጠጋ እሳቱ ይረክሳል የሚል እምነትም ነበረ። ሴቶች በዩኒቨርሲቲ ሴራሚክ መማር የቻሉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከአቦቦ እስከ ጎንደር፣ ከቀጨኔ እስከ ጋሞ ደጋ ድስትና ጀበና የሚወጣው በአብዛኛው ከሴት እጅ ነው። ጃፓን ሴቲቱን ከእቶኑ ከለከለች፤ እኛ ደግሞ እቶኑን ለሴቲቱ ትተን ክብሩን ነፈግናት። የትኛው ይብሳል ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ሁለቱም ብዙ ሥራ አስቀርተውብናል።

ወደ ጃፓን የኋላ ታሪክ ትንሽ ልግባ፤ የምለው ነገር ያለው እዚያ ነውና። ከ3ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ጃፓናውያን በታላላቅ መቃብሮቻቸው ጉብታ ላይ ሃኒዋ የሚባሉ የሸክላ ቅርጾች ያቆሙ ነበር፤ ፈረስ፣ ዶሮ፣ ውሻ፣ ከርከሮ። ቀላል እሳት የነካው ቀይ ሸክላ ነው። ፊታቸው ጥቂት ቀዳዳ ብቻ ሆኖ ሕይወት ይታይበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ደግሞ ሚያጋዋ ኮዛን የሚባል የዮኮሃማ ባለሙያ እውነተኛ የሚመስሉ እንስሳትን በዕቃ ላይ ይለጥፍ ጀመር። በ1881 (እ.ኤ.አ.) የሠራው ጎድጓዳ ዕቃ ጠርዙ ላይ ሸርጣኖች ተንጠልጥለውበታል፤ እግራቸውን፣ የቅርፊታቸውን ንቅሳት ሳይቀር የሚያዩት ሰው ጣቱን ሊሰበስብ ይችላል። በሚሞትበት ዓመት፣ በ1916፣ ያንኑ ሸርጣን ደግሞ ሠራው።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ መልኩን ቀየረ። በ1948 (እ.ኤ.አ.) በኪዮቶ ካዙኦ ያጊ፣ ኦሳሙ ሱዙኪና ጓደኞቻቸው ሶዴይሻ የሚል ቡድን አቋቋሙ። ያጊ በ1954 ከካፍካ ልብ ወለድ ወደ ተባይነት የተለወጠውን ሰውዬ ስም ለአንድ ሥራው ሰጠ፤ ቀለበት ቅርጽ ያለው፣ ዙሪያውን ትንንሽ ቱቦዎች የበቀሉበት፣ ውሃም እህልም የማይያዝበት ሸክላ ነበር። ሸክላ ዕቃ ሳይሆን መኖር እንደሚችል ያወጀ ሥራ ነው ተብሎ ይቆጠራል። ሱዙኪ ደግሞ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 2001፣ ፈረስና ወፍ ሠራ። የሱዙኪ ፈረሶች የዓይን፣ የጆሮ፣ የሰኮና ዝርዝር የላቸውም። አንገቱ ወደ ትከሻው የሚወርድበት መስመርና የእግሮቹ አቋቋም ብቻ ነው ያለው፤ ግን ከፈረስ በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም።

የሱዙኪን ፈረስና የአልዌሮውን በሬ ባስተያይ ሁለቱ ሠሪዎች የተዉት ነገር ያስደንቀኛል። ልጁ ሰኮና አልሠራም፤ ዓይንም አላወጣም፤ እግሮቹን እንኳ ጠቅልሎ አወረዳቸው። ሻኛውንና ቀንዱን ግን አልተዋቸውም። ምክንያቱም በሬውን ከሌላው በሬ የሚለዩት እነሱ ናቸው። ምን መተው እንዳለበት ማወቅ ከባድ ነው። ሱዙኪ የደረሰበት ሸክላ ሠሪ አባቱ ቤት አድጎ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ነው። ልጁ እዚያ የደረሰው ሌላ መንገድ ሄዶ ነው፤ ያየውን ብቻ ስለሠራ፣ ሌላ ሰው የሠራውን ቅርጽ ስላልገለበጠ።

ይህን መርሕ ከሱዙኪ በፊት የነበረው ሸክላ ሠሪ ኬንኪቺ ቶሚሞቶ በግልጽ ተናግሮታል። ቶሚሞቶ ለዕቃው ጌጥ ሲፈልግ ከአሮጌ ዕቃ ጌጥ መቅዳትን ለራሱ ከልክሎ ነበር፤ ሜዳ ወጥቶ ሣሩን፣ አበባውን፣ መንገዱን ራሱ ይስላል፤ ጌጡንም ከዚያ ያወጣል። እኔ ስለ ሀገራችን ሸክላ ሳስብ የምጨነቀው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በከተማ የስጦታ ዕቃ መደብሮች የምናየው የሸክላ አንበሳ ከሌላ የሸክላ አንበሳ የተቀዳ ነው፤ ያም ከሌላ። አንበሳውን ያየ ሰው በሰንሰለቱ ውስጥ የለም። የአልዌሮው ልጅ ግን በሬውን ጠዋት አግዶት መጥቷል።

ኢትዮጵያ የሸክላ እንስሳ ታሪክ የላትም የሚል ካለ ተሳስቷል። በአክሱም አጠገብ በሐውልቲ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በተደረገ ቁፋሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠሩ የሸክላ ከብቶች ተገኝተዋል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለጎብኚ የሚሸጡ ትንንሽ የሸክላ ሰዎችና እንስሳት ይሠሩ ነበር፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ የጉዞ ዘመቻዎች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሙያው ከነእጁ ሄደ። በነቀምቴ የተወለደው ማሞ ተሰማ በኒውዮርክ ግዛት በአልፍሬድ የሴራሚክ ኮሌጅ ተምሮ ተመልሶ፣ ሸክላን እንደ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሠርቶ አሳየ፤ የብሔራዊ ሙዚየም ኃላፊም ሆነ። ከእሱ በኋላ ግን ሸክላ በሥነ ጥበባችን ውስጥ ዋና መንገድ አልሆነም። ሠዓሊ በክብር እንጠራለን፤ ሸክላ ሠሪ ስንል ግን ድምፃችን ዝቅ ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጀዋል፤ ቡዳ የሚለው ስድብ ግን አዋጁን አልፎ እዚህ ደርሷል።

በአቦቦ ያገኘኋት ሸክላ ሠሪ አኙዋ ናት። ቤቷ ደጃፍ ስንደርስ ማሰሮ እየሠራች ነበር። ጭቃውን እንደ ገመድ አሽታ አንዱን ቀለበት በሌላው ላይ እየደረበች ታቆማለች፤ የውጩን በእርጥብ እጅ፣ የውስጡን በቅል ስባሪ ታለሰልሳለች። መንኮራኩር የለም፤ ዕቃው አይዞርም፣ እሷ ናት ዕቃውን የምትዞረው። ትከሻው ላይ ስትደርስ የተገመደ ክር አነሣችና በመዳፏ ሥር አንከባለለችው። ክሩ ባለፈበት ሁሉ ረድፍ ረድፍ ትንንሽ ጉድጓድ ታተመ። ይህ ዓይነቱ ጌጥ በናይል ተፋሰስ ሕዝቦች ዘንድ በጣም የቆየና የተስፋፋ ነው። ውበት ብቻም አይደለም፤ ውሃ የሞላ ማሰሮ ከእርጥብ እጅ እንዳያመልጥ ይረዳል።

ጭቃዋን ከወንዝ ዳር ነው የምታመጣው። ጥሬውን አትሠራበትም። አሮጌ ገል ወቅጣ፣ አድቅቃ ታገባበታለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ካልገባበት ይሰነጠቃላ!» ብላ መልሳ አየችኝ። ምክንያቱ ደቃቁ ጭቃ ሲደርቅ በጣም መኮማተሩ ነው። ገሉ አንዴ እሳት ስላየ አይኮማተርም፤ በጭቃው ውስጥ ሆኖ እንፋሎት የሚወጣበት መንገድ ይከፍታል፣ ስንጥቁም እንዳይሮጥ ያቆመዋል። ሁሉም የናይል ሸክላ ሠሪ ገል አይጠቀምም። በሱዳን በነጭ ናይል ዳርቻ ከተገኙ ጥንታዊ ገሎች ውስጥ አንዳንዶቹ የወንዝ ስፖንጅ የተቀላቀለባቸው መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ስፖንጅ ተክል ቢመስልም በውሃ ውስጥ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ሰውነቱ በዓይን በማይታዩ የብርጭቆ መርፌዎች የተሞላ ነው። መርፌዎቹ ጭቃውን ሰፍተው ይይዙታል። እንስሳው በዕቃው ላይ አልተሳለም፤ ዕቃው ውስጥ ገብቶ ያጸናዋል።

አሁን ወደ እሳቱ። የልጁን በሬና የሆሶኖን ቅጠል የሚለያቸው ትልቁ ነገር እሱ ነው። ጭቃ በፀሐይ ሲደርቅ የሚለቀው በቅንጣቶቹ መሃል ያለውን ውሃ ብቻ ነው። መልሰው ቢያርሱት መልሶ ጭቃ ይሆናል። ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ግን በራሱ በማዕድኑ ውስጥ የታሰረው ውሃ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ጭቃነት መመለሻ የለውም። በሣርና በእንጨት፣ ወይም በኩበት፣ ሜዳ ላይ የሚነደው የሸክላ ሠሪዎቻችን እሳት ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይደርሳል። ድስት፣ ማሰሮ፣ ጀበና ለመሆን ይበቃል። ፖርሴሊን ግን ከ1,200 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ እዚያ ሲደርስ ከፊሉ ቀልጦ መስተዋት ይሆንና ብርሃን ያሳልፋል። ሙቀቱ ጥበቡን አያበላልጠውም፤ ዕድሜውን ግን ይወስነዋል። የልጁ በሬ እሳት አላየም። በግንቦት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ ቀንዱ ይሟሟል፣ ሻኛው ይሰምጣል፣ አልዌሮም ጭቃውን ይወስዳል።

ለልጁ ይህ ጉዳት አይደለም። በሚቀጥለው በጋ ሌላ ይሠራል፤ ምናልባትም የራሱን ወይፈን። እንዲጠፋ የተሠራን ነገር በግድ ማቆየት አለብን ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። የጨዋታውን ሕይወት ወደ መስተዋት ሣጥን አስገብቶ መግደልም አለ። ነገር ግን አንድ እውነት ሐሳቤን አስቀየረኝ፤ ከደቡብ ሱዳን የተሰበሰቡ የጭቃ ከብቶች በእንግሊዝ በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል። ማንም ተመራማሪ ሄዶ ሊያያቸው ይችላል። በጋምቤላ የሚማር የሥነ ጥበብ ተማሪ ግን የክልሉን የጭቃ በሬ እንደ ቅርጻ ቅርጽ የሚያሳየው መማሪያ አያገኝም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚማረው ወጣት የግሪክን ዕብነ በረድ ያውቃል። ከአልዌሮ ዳር ያለውንም ማወቅ ይገባዋል።

ጃፓን ከዚህ ጉዳይ ጋር ቀድማ ታግላለች። ሶኤትሱ ያናጊ የሚባል ሰው ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየገጠሩ እየዞረ፣ ማን እንደሠራቸው ያልታወቁ የዕለት ዕቃዎችን ሰበሰበ፤ ሳህን፣ እንስራ፣ ጨርቅ። በ1936 በቶኪዮ የሕዝብ ዕደ ጥበብ ሙዚየም ከፈተላቸው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በ1950 መንግሥት የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ አወጣ፤ በሕጉ መሠረት ቅርስ የሚባለው ዕቃው ብቻ መሆኑ ቀረና ሙያውን የያዘው ሰውም ሆነ። በ1955 በዚህ ክብር መጀመሪያ ከተሰየሙት ሸክላ ሠሪዎች መካከል ቀደም ብዬ ያነሣሁት ቶሚሞቶና የያናጊ ጓደኛ ሾጂ ሃማዳ ይገኛሉ። መንግሥት ለተሰየመው ሰው በየዓመቱ ገንዘብ ይሰጣል፤ በምላሹ ሙያውን እንዲያስተምር ይጠበቅበታል። ዛሬ በለንደንና በኒውዮርክ የምናደንቃቸው የጃፓን ቅጠሎችና ቀንድ አውጣዎች ከባዶ አልበቀሉም። አንድ ትውልድ ገጠር ወርዶ «ይህ ጥበብ ነው» ስላለ፣ ቀጣዩ ትውልድ ሸክላ ይዞ መሄድ የሚችልበት መንገድ አገኘ።

እኛ ይህን ለማድረግ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልገንም። ደረቅ ክፍል፣ መደርደሪያ፣ ፎቶግራፍ አንሺና በላሬ፣ በኢታንግና በአቦቦ ልጆቹ ጭቃ በሚሠሩበት ወራት አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው ይበቃል። ከእያንዳንዱ በሬ ጋር የማን በሬ እንደሆነ፣ መልኩ፣ የቀንዱ አቆራረጥ ይመዝገብ። ያለዚያ የሚሰበሰበው ስም የሌለው መጫወቻ ነው፤ ከስሙ ጋር ሲሆን የአንድ ሕዝብ የዓይን መዝገብ ይሆናል። በጋምቤላ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለወደፊት መምህራን አንድ ሳምንት እንኳ በጭቃ ቢሰጥ፣ የክልሉ ልጆች ሥዕል ሲማሩ ከመማሪያ መጽሐፍ ላይ ፖም ከመቅዳት ይድናሉ። ይህ ምኞት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ያልተተኮሰ ጭቃ መጓዝ ስለማይችል፣ መጀመሪያ መተኮስ ይቻል እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ለዚህ ነው ከልጁ የለመንኩትን በሬ ይዤ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ደጅ የሄድኩት። ተቀብላ ገለበጠችው። ሆዱን በጥፍሯ ኳ ኳ አደረገች።

«ድፍን ነው» አለች በአስተርጓሚያችን በኩል። «እንዲህ ካስገባኸው ይፈነዳል። አጠገቡ ያለውንም ማሰሮ ይዞብኝ ይሄዳል።»

ልክ ናት። ወፍራም ድፍን ጭቃ ውጭው ሲደርቅ መሃሉ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል፤ እሳት ሲያገኘው መሃሉ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ያጣል። የሃኒዋ ሠሪዎች ፈረሶቻቸውን ባዶ አድርገው የሠሩት፣ በጎናቸውም ቀዳዳ የተዉት እንዲሁ እንዲተርፉ ነው። ልጁ ይህን የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ በሬውን ለእሳት አልሠራውማ።

ምን ቢደረግ ይሻላል አልናት። ቀጭን እንጨት አነሣችና በሬው ሆድ ሥር አስጠጋች፤ ጭቃው ገና ቆዳ መሰል ጥንካሬ እንዳለው፣ ሳይደርቅ፣ ከሥሩ እየተቦረቦረ የጣት ውፍረት ያህል ግድግዳ ብቻ ሊቀርለት እንደሚገባ አሳየችን። ትንሽ ገል ቢገባበት ደግሞ የተሻለ ነው። ቀንዱ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ እንዳይላቀቅ በእርጥብ ቅጠል ተሸፍኖ ከሆዱ እኩል ይድረቅ። ይህን በሬ ግን እምቢ አለች፤ ደርቋል፣ ጊዜው አልፎበታል።

«ልጁ አዲስ ይሥራ። ሳይደርቅ ይዞት ይምጣ፤ እንዴት እንደሚቦረቦር አሳየዋለሁ። ግን ቶሎ ይሁን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የምተኩሰው የመጨረሻዬ ነው፤ ከዚያ ዝናብ ነው።»